ክብ ሠርተው የቆሙ ተማሪዎች፦ ሰውን ወይስ ክፍተትን እንቁጠር?

ወደ ሐተታው ከመግባታችን በፊት አንዲት ጥያቄ እናስቀድማለን። እባካችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጥግ ላይ ጻፉና ወደ ታች እለፉ። እዚህ ግድግዳ ሥር ቆማችሁ የምታነቡ ከሆነም መዳፍ ይበቃል።

«አንድ የስፖርት መምህር ተማሪዎቹን በሜዳ ላይ ክብ አሠርቶ በእኩል ርቀት አቆማቸው። ከአንደኛው ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ መጨረሻው ተራ ቁጥር ሰጣቸው። ተራ ቁጥር 7 ቀና ብሎ ሲመለከት በትክክል ፊት ለፊቱ የቆመው ተራ ቁጥር 18 ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎቹ በጠቅላላው ስንት ናቸው?»

ጥያቄው ከመደመር፣ ከመቀነስና ከማባዛት ያለፈ ዕውቀት አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ 20፣ 22፣ 24፣ 25፣ አንዳንዴም 36 የሚል መልስ ይመጣል። ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ግን ዝም ብለው የተወረወሩ ቁጥሮች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ልጁ የሄደበትን መንገድ ያሳያሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

25 ያለው ልጅ 7ንና 18ን ደምሯል። ሁለት ቁጥር ባየ ጊዜ ሁሉ መደመር የለመደ ነው። ጥያቄውን አላነበበም ማለት ይቻላል፤ እሱን ወደ ሜዳው ወስዶ ማቆም እንጂ ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ብዙ አይጠቅምም። 36 ያለው ደግሞ 18ን ግማሽ አድርጎ እጥፉን ወሰደ። ይኸኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ፊት ለፊት ማለት ግማሽ መንገድ መሄድ እንደሆነ ገብቶታል። የሳተው መነሻውን ነው። 18 እርምጃ የሚሆነው ከ1 በፊት ካለው ሰው ከተነሣን ነው፤ እኛ ግን የተነሣነው ከ7 ነው።

20 እና 24 ያሉት ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው በ7 እና በ18 መካከል ያሉትን ሰዎች ቆጠረ፦ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 14፣ 15፣ 16፣ 17፤ ዐሥር ሰው። በወዲያኛው ጎንም ዐሥር፤ ድምሩ 20። ሁለቱን ተያዪዎች ረሳቸው። ሁለተኛው ከ7 እስከ 18 በጣቱ ሲቆጥር ሁለቱንም ጨምሮ 12 አገኘና እጥፍ አደረገው፤ 7ንና 18ን ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው ማለት ነው። አንዱ በሁለት አነሰ፣ ሌላው በሁለት በዛ።

ትክክለኛው መልስ 22 ነው።

20 ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም ብያለሁ። ያውም ያልኩት ዕጩ መምህር ሆኜ የማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ፣ 5ኛ ክፍል ፊት ቆሜ፣ ተቆጣጣሪ መምህሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እየጻፈ ነው። በትምህርት ዕቅዴ ላይ ጥያቄውን ስጽፍ መልሱን «10 + 10 = 20» ብዬ ከጎኑ አስፍሬ ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ 22 ነው።»

«አይደለም። ተቀመጪ። ሌላ?»

ተቀመጠች። ሌላው ልጅ 20 አለ፤ «ጎበዝ» አልኩና አስጨበጨብኩለት። ደወሉ ተደወለ። ዳስተሩንና ጠመኔዬን ይዤ ስወጣ ልጅቱ ከክፍሉ ጀርባ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብላ የጠርሙስ ቆርኪ በክብ ትደረድራለች። ቆም ብዬ አየሁ። 20 ቆርኪ ደርድራ ከሰባተኛው ተነሥታ ፊት ለፊቱ ያለውን በጣቷ ነካች፤ 17ኛው ሆነ። ሁለት ቆርኪ ጨመረችና ክቡን አስፍታ እንደገና ቆጠረች፤ 18ኛው ሆነ። ቀና ብላ አየችኝና አንድም ቃል ሳትናገር ቆርኪዎቹን ሰብስባ ሄደች።

በማግስቱ በክፍሉ ፊት «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልክ የነበረችው እሷ ናት» ብዬ አረምኩ፤ አስጨበጨብኩላትም። ነገር ግን ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለተኛ እጇን አላወጣችም። ተቆጣጣሪው በማስታወሻው ላይ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «‹አይደለም› ከማለትህ በፊት ‹እንዴት አገኘሽው?› ብትል ኖሮ ትምህርቱን እሷ ታስተምርልህ ነበር።»

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ልጆቹን ክብ አሠርታችሁ እጅ ለእጅ አያይዟቸው። አሁን ሁለት ዓይነት ነገር አለ፤ አንደኛ ልጆቹ፣ ሁለተኛ የተያያዙት እጆች። የተያያዙት እጆች ክፍተቶቹ ናቸው፤ ከአንድ ልጅ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ የምንራመደው አንድ እርምጃ ማለት ነው። ከ7 ወደ 8 አንድ መያያዣ፣ ከ8 ወደ 9 አንድ መያያዣ እያልን 18 ስንደርስ 11 መያያዣ እናልፋለን፤ ይኸውም 18 − 7 = 11። ፊት ለፊት ማለት ክቡን እኩል ሁለት ቦታ መክፈል ስለሆነ በወዲያኛውም ጎን 11 መያያዣ አለ። በጠቅላላው 22 መያያዣ። በክብ ላይ ደግሞ መያያዣውና ልጁ ቁጥራቸው እኩል ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ በቀኝ እጁ የያዘውን አንድ መያያዣ የእኔ ቢል የማንም ያልሆነ መያያዣ አይተርፍም፣ መያያዣ ያጣ ልጅም አይኖርም። ስለዚህ 22 ልጅ።

በቀጥታ ሰልፍ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ዐሥር ልጅ በአንድ መስመር እጅ ለእጅ ቢያያዝ መያያዣው 9 ነው፤ በሁለቱ ዳር ያሉት አንድ አንድ እጅ ባዶ ነው። ሁለቱን ዳረኞች አምጥታችሁ ስታያይዟቸው ሰልፉ ክብ ይሆንና መያያዣው 10 ይሆናል። አጥር ያጠረ ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። በአንድ ጎን የሚሄድ አጥር ከቋሚዎቹ አንድ ያነሰ ክፍተት አለው፤ ግቢውን ዙሮ የገጠመ አጥር ግን ቋሚና ክፍተቱ እኩል ነው። ገበጣ የሚጫወት ልጅም ያውቀዋል። ጠጠር ሲያነሣ የመጀመሪያዋን ጠጠር የሚጥለው ካነሣበት ጉድጓድ ሳይሆን ከቀጣዩ ነው። መነሻውን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው እርምጃውን ነው። እንግዲህ ልጁ ከሰፈሩ ይዞት የመጣውን ዕውቀት እኛ በክፍል ውስጥ «ከዚህ እስከዚህ ስንት ሰው አለ?» ብለን ስንጠይቅ እናደናግረዋለን።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶቻችን ፊት ለፊት የቆሙትን «ትይዩ» እንላቸዋለን። በመንገድ ላይ ቃሉ ስህተት የለበትም። ነገር ግን በጂኦሜትሪ ትይዩ መስመሮች የምንለው የማይገናኙትን ስለሆነ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ፊት ለፊት» ማለቱ ይመረጣል። «በስተቀኝ» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ መካከል ሲያደርጉ በስተቀኝ ያለው ጓደኛ፣ ጀርባቸውን ለመካከሉ ሲሰጡ በስተግራ ይሆናል። ጥያቄ ስታወጡ ወዴት እንደ ዞሩ ተናገሩ።

ሰዓት እንደ ተማሪዎች ክብ

የዚህ ሁሉ ጥሩ ማስተማሪያ በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሰዓት ነው። የሰዓት ፊት 12 ተማሪዎች እኩል ተራርቀው የቆሙበት ክብ ነው። የ12 ግማሽ 6 ስለሆነ የ1 ፊት ለፊት 7፣ የ2 ፊት ለፊት 8፣ የ3 ፊት ለፊት 9 ነው። አሁን ደግሞ አስተውሉ፤ እኛ ከጧቱ 1 ሰዓት ስንል ፈረንጅ 7 ይላል፤ እኛ 3 ስንል እሱ 9 ይላል። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት፣ ማለትም ልክ የክቡ ግማሽ ስለሆነ የአንዱ ሰዓት ዘወትር የሌላው ፊት ለፊት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት በእጁ ያሰረ ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ሲባል ብዙም ሳያስብ የአጭሩን ዘንግ ጭራ አቅጣጫ ያነብባል። ክቡን ለሁለት ከፈለ ማለት ነው።

ልጆቹ ይህን ስሌት ከቤት ያውቁታል። ከቀኑ 8 ሰዓት በፈረንጅ ስንት ነው ስትሏቸው «6 ጨምር፣ 14፤ ከ12 ስለበለጠ 12 ቀንስ፣ 2» ይላሉ። ይኸው ደንብ ለማንኛውም ክብ ይሠራል። የተማሪዎቹ ብዛት ከታወቀ፣ የአንዱን ፊት ለፊት ለማግኘት በተራ ቁጥሩ ላይ የብዛቱን ግማሽ መጨመር፣ ከብዛቱ ካለፈ ብዛቱን መቀነስ ነው። 30 ተማሪ ካለ የ4ኛው ፊት ለፊት 19ኛው ነው፤ የ22ኛው ደግሞ 22 + 15 = 37፣ ከዚያ 30 ሲቀነስ 7ኛው ነው።

ብዛቱ ኢ-ተጋማሽ፣ በተለምዶ ጎዶሎ የምንለው ቁጥር ከሆነስ? የሳምንቱን 7 ቀናት በክብ ብናቆማቸው ከእሑድ ፊት ለፊት ማንም የለም፤ በረቡዕና በሐሙስ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች በትክክል ፊት ለፊት ከተያዩ ብዛታቸው የግድ ተጋማሽ ነው። ይህን ብቻ ያወቀ ልጅ ከላይ 25 የተባለውን መልስ ሳያሰላ ይጥለዋል።

ጥያቄ የሚያወጣ መምህር የሚወድቅበት ጉድጓድ

ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ይኸኛው ለናንተ ነው። በፈተና ላይ የሚወጣ ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ ብቻ ሲቀዳ አደጋ አለው። «ተራ ቁጥር 10 ከተራ ቁጥር 15 ጋር ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ተማሪዎቹ ስንት ናቸው?» ብለን ብንጠይቅ ልጁ ደንቡን ተከትሎ 15 − 10 = 5፣ 5 × 2 = 10 ይላል። ዐሥር ተማሪ ባለበት ክብ ላይ 15ኛው ከየት መጣ? ጥያቄው ራሱ ሊሆን የማይችል ነው። በደንቡ የሠራው ልጅ ማርክ ያገኛል፤ ቆም ብሎ «ይህማ አይሆንም» ያለው ጎበዝ ልጅ ግን ወረቀቱን ባዶ ይመልሳል።

ይህ እንዳይደርስ፣ ትልቁ ተራ ቁጥር ከትንሹ እጥፍ ማነስ የለበትም። ምክንያቱም ፊት ለፊት ከተያዩት ሁለቱ አነስተኛውን ቁጥር የያዘው ሁልጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ደግሞ ግማሹ ራሱ ነው። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ከልዩነቱ ሊበልጥ አይችልም። 7 እና 18 ይሆናሉ፤ 18 ከ14 ይበልጣልና። 5 እና 10 ልክ በጠርዙ ላይ ናቸው፤ ዐሥር ልጅ፣ ዐሥረኛው የመጨረሻው። 10 እና 15 ግን አይሆኑም።

ሁለት ቆጣሪዎች ያሉበት ጥያቄ ትንሽ ጠለቅ ይላል፤ ለከፍተኛ ክፍል ይሆናል። ሁለት የክፍል አለቆች ክብ ሠርተው የቆሙትን ልጆች በአንድ አቅጣጫ፣ ነገር ግን ከተለያየ ልጅ ተነሥተው እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ ቆጠሩ። የመጀመሪያው 5 ያለው ልጅ በሁለተኛው ቆጠራ 12 ነው፤ የመጀመሪያው 20 ያለው ልጅ በሁለተኛው ቆጠራ 3 ነው። ልጆቹ ስንት ናቸው? ብዙዎች እዚህ ላይ ቀመር ፍለጋ ይሄዳሉ። ቀመር አያስፈልግም፤ እርምጃውን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ከአንደኛው ልጅ ወደ ሌላው 15 እርምጃ ነው። ሁለተኛውም ያንኑ መንገድ ሲሄድ ከ12 ተነሥቶ 15 እርምጃ ቢራመድ 27 ማለት ነበረበት፤ ግን 3 አለ። በመካከሉ ቆጠራውን ጨርሶ ከ1 ወደ ጀመረበት ልጅ ደርሷል ማለት ነው። በ27 እና በ3 መካከል ያለው 24 የክቡ ዙሪያ ነው፤ 24 ልጆች።

ክፍላችሁ 70 ተማሪ ቢይዝ ሁሉን ክብ ለማሠራት ሜዳውም ፊሽካውም አይበቃም። 12 ወይም 16 ልጅ ብቻ አቁሙ፤ የቀሩት ይዩ፣ ይሟገቱ። ዝናብ ከሆነ ቆርኪ ወይም ጠጠር በዴስክ ላይ ይበቃል። በመሐረብ ጨዋታ ክብ ሠርተው ከመቀመጣቸው ጋር ማያያዝም ይቻላል፤ ጨዋታው ሳይቋረጥ «ከአንተ ፊት ለፊት ማን ነው? ስንት ናችሁ?» ማለት ብቻ ነው።

ልጆች በጣም የሚወዱት ግን የማስወጣት ጨዋታ ነው። ክብ ሠርተው ይቆማሉ። 1 ይቀራል፣ 2 ይወጣል፣ 3 ይቀራል፣ 4 ይወጣል፤ እንዲህ እየተዞረ አንድ ልጅ ብቻ እስኪቀር ይቀጥላል። የቡድን አለቃ ለመምረጥ ይጠቅማል። የት ቢቆሙ ይሻላል? በ8 ልጆች ሞክሩ፤ የሚቀረው 1 ነው። በ16ም 1 ነው፤ በ4ም በ2ም እንዲሁ። አንድ ዙር በተሄደ ቁጥር ብዛቱ እኩል እየተጋመሰ ቆጠራው ተመልሶ ከ1 ይጀምራልና። 13 ልጆች ቢሆኑስ? ከ13 በታች ያለው እንዲህ ያለ ቁጥር 8 ነው፤ የሚበልጠው በ5 ነው። አምስት ልጆች እስኪወጡ እንጠብቅ፤ የሚወጡት 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ናቸው። አሁን 8 ልጅ ቀረ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከ11 ነው። ስምንት ሲሆኑ ደግሞ ቆጠራ የተጀመረበት ልጅ ይቀራል ብለናል፤ ስለዚህ 11ኛው ይቀራል። ያልተማመነ በቆርኪ ይሞክረው።

ይህ ጨዋታ የቆየ ታሪክ አለው። ዮሴፍ የተባለው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ በ67 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) ሮማውያን የዮታፓታን ከተማ በያዙ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር በዋሻ ተደብቆ ነበር። እጅ ከመስጠት በዕጣ እየተራረዱ መሞትን መረጡ፤ እሱና አንድ ሌላ ሰው መጨረሻ ላይ ቀሩና እጃቸውን ሰጡ። እሱ የጻፈው ዕጣ ብሎ ነው። ባሼ የተባለ ፈረንሳዊ በ1612 ባሳተመው የሒሳብ ጨዋታ መጽሐፍ ግን ነገሩን ወደ ክብ አዞረው፤ 41 ሰዎች ክብ ሠርተው፣ በየሦስቱ አንዱ እየወጣ ቢሄድ የት መቆም ያድናል? መልሱ 16ኛና 31ኛ ቦታ ነው። የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ያለ ደም ነው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ለዛሬ አንዲት ጥያቄ ትተንላችሁ እንሰናበት። ከተቋሙ ዕጩ መምህራን መካከል ጥቂቶቹ በሜዳው ላይ ክብ ሠርተው በእኩል ርቀት ቆመዋል። ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ከ1 ጀምሮ ነው። ተራ ቁጥር 9 ከተራ ቁጥር 26 ጋር ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከዚያ በኋላ 1 ይቀራል፣ 2 ይወጣል እየተባለ አንድ ሰው እስኪቀር ተቆጠረ። የቀረው ስንተኛው ነው? እሱስ በመጀመሪያ ሲቆም ፊት ለፊቱ የነበረው ማን ነበር? መልሱን እንዴት እንዳገኛችሁት ጭምር ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ክተቱ፤ ቁጥሩን ብቻ የጻፈ አይታረምለትም።